ብዙ ቢላዋ በቤት ስለ ማኖር
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



በቋንቋችን አንድን ሰው «በሁለት ቢላዋ ይበላል» ካልነው ማመስገናችን አይደለም። ከዚህም ከዚያም ወገን ተጠግቶ ጥቅሙን የሚሰበስብ፣ ለአንዱም የማይታመን ሰው ነው ማለታችን ነው። እንግዲህ ሁለት ቢላዋ ይህን ያህል ስም የሚያሰጥ ከሆነ፣ አርባ ሦስት ቢላዋ በቤቱ ያኖረ ሰው ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ያ ሰው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ራሴ ጉዳይ ጭምር መሆኑን አስቀድሜ መግለጥ ይገባኛል።

ነገሩን በአደባባይ ለመናገር ያነሣሣኝ ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በቤቴ የደረሰው ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ሳሉ፣ እኔ ቁልፉን ረስቼበት የሄድሁትን ቁም ሣጥን ጋቢ ይኖርበታል ብለው ከፈቱት። ማታ ከሥራ ስመለስ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ራት ቀረበ፤ ብዙም አልበሉም። ቡናው ካበቃ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ከማንም አልተጣላሁም፤ ምን ሰምተው ነው?» ብላቸው፣ «የሰማሁት የለም፤ ያየሁት ነው እንጂ። ያልተጣላ ሰው ይህን ሁሉ ስለት ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ልጆች ያሉበት ቤት አይደለምን?» ብለው መለሱልኝ። እኔም ስለ ደነገጥሁ የማይረባ መልስ ሰጠሁ፤ እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ነው አልኋቸው። ይህ መልስ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም፤ ስለት ደስ የሚለው ሰው ከተጣላ ሰው ይልቅ ያስፈራልና። አጎቴ ካሰቡት ሁለት ቀን ቀድመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእናቴም ድምፅ በስልክ አንድ ወር ያህል ቀዝቅዞ ቆየ።

ያን ዕለት መስጠት የነበረብኝን መልስ ዛሬ ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ የምለው፣ የአጎቴ ጥያቄ የቅን ሰው ጥያቄ ነው። ቢላዋ ሰው ይገድላል። በሰካራም እጅ ወይም በተቈጣ ጎረምሳ ኪስ የተገኘ አንድ ሰንጢ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ብዙ ስለት የሚያኖር ሰው ለምን እንደሚያኖር ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል እንጂ ሊቈጣ አይገባውም። ዳሩ ግን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ተለያይተው መታየት የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ስለትን ታጥቆ ወደ ሰው መካከል መውጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለትን በቤት አስቀምጦ ማኖር ነው። ይህን ልዩነት የውጭ አገር ሕግም ያውቀዋል። በእንግሊዝ አገር በ1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ሕግ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በአደባባይ ስለት ይዞ የተገኘውን ሰው ይቀጣል፤ የሚፈቅደው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለት ከ7 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ያለውን የወጥ ቤትና የሥራ ቢላዋ ግን ሕጉ እየገባ አይቈጥርም። እርግጥ ቁልፉን ሲጫኑት በሞላ ተፈንጥሮ እንደሚወጣው ሰንጢ ያሉትን፣ ለጠብ ብቻ የተፈለሰፉ የተባሉትን ጥቂት ዐይነቶች፣ በቅርብ ዓመታት በቤትም እንዳይኖሩ ከልክሏል። ከነዚህ አንድ እንኳ እኔ ዘንድ የለም። ከቤቴም ታጥቄ የምወጣው ቢላዋ የለም።

ይህ ግን አርባ ሦስት ቢላዋ ለምን እንዳስፈለገ አይመልስም። አንድ ወይም ሁለት አይበቃምን? የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ያለው ከሰው ፍላጎት ይልቅ ከብረቱ ጠባይ ውስጥ ነው።

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። ስለት የሚይዘው ካርቦን የሚባለው፣ በከሰል ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሲቀላቀለው ነው፤ ይኸውም ለብዙው ቢላዋ ከመቶ ግማሽ እጅ እስከ አንድ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ባለ እጁ ይህን ብረት በፍም አግሎ፣ በመስፍ ላይ ቀጥቅጦ ቅርጽ ከሰጠው በኋላ፣ እንደ ጋለ ወደ ውሃ ወይም ወደ ዘይት ይነክረዋል። ብረቱ በዚያን ጊዜ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከእጅ ቢወድቅ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ያህል ሙቀት አግብቶ ያበርደዋል፤ ይህም ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ የመቻል ኀይል ይሰጠዋል። የቢላዋ ሠሪ ጥበብ በሙሉ ያለው በዚህች መካከለኛ ስፍራ ነው። ጥንካሬንና ችሎ መታገሥን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሟልቶ የያዘ ብረት ግን እስካሁን አልተገኘም፤ አንዱን ስንጨምር ከሌላው መቀነሳችን አይቀርም።

ከብረቱ ቀጥሎ የስለቱ ማዕዘን አለ። ሽንኩርት ወይም ዓሣ አሣሥቶ ለመቍረጥ የተዘጋጀ ቢላዋ በየጎኑ 15 ዲግሪ ያህል ተስሎ እንደ ወረቀት ሊሣሣ ይችላል። የተለመደው የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዋ በየጎኑ 20 ዲግሪ ያህል ነው። ለአጥንት የሚሆነው ደግሞ ከ25 በላይ ሊሆን፣ ወገቡም ሊወፍር ይገባዋል። ያን ሥሡን አንሥተን የበግ ጎድን ብንመታበት ጫፉ ይሸረፋል፤ ወፍራሙን አንሥተን ቲማቲም ብንቈርጥበት ቲማቲሙን ያፈርጠዋል እንጂ አይቈርጠውም። አንድ ቢላዋ ለሁሉ ይሁን ብንል፣ ለሁሉም በጥቂቱ የማይመች ቢላዋ እናገኛለን። በብዙ ቤቶች ያለውም ይኸው ነው፤ የደነዘ፣ ጣት የሚቈርጥ፣ ሥጋ የማይቈርጥ። ሴቶቻችን በዶልዱም ቢላዋ ሽንኩርት ሲከትፉ እጃቸው የሚቈስለው፣ ያልተሳለ ቢላዋ ኀይል ስለሚጠይቅና ኀይል የበዛበት እጅ ስለሚስት ነው። የተሳለ ቢላዋ ከደነዘው ይልቅ ደኅና መሆኑን የልኳንዳ ሠራተኛ ሁሉ ይመሰክራል።

ይህን በወጥ ቤታችን ብንመረምረው ግልጥ ሆኖ ይታያል። ዶሮ ሲበለት ዐሥራ ሁለቱን ብልት በየመገጣጠሚያው ለመለየት ጫፉ የሾለ፣ አጭርና ቀጭን ቢላዋ ያስፈልጋል። ክትፎ የሚከተፈው ግን ስለቱ ረጅም በሆነ፣ ጥቂት ክብደት ባለው ቢላዋ ነው፤ ክብደቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራልና። በጉራጌ አገር የቆጮው ቃጫ እንዲያጥር በስለት ደጋግሞ መክተፍ ሌላ ሰፊ ቢላዋ ይጠይቃል። ለዳቦ መጋዝ የሚመስል ጥርስ ያለው ነው የሚያስፈልገው። ለቍርጥ ሥጋ ደግሞ እያንዳንዱ በላተኛ በጁ የሚይዘው፣ እንደ ምላጭ የተሳለ አንድ ለራሱ። ከማድቤት ስንወጣም የብራና ጸሓፊው የመቃ ብዕሩን የሚቀርጽበት ትንሽ ስለት አለው፤ ብራናውን የሚፍቅበት ግን ሌላ ነው። ጫማ ሰፊውም፣ ጠራቢውም፣ ቀዳጁ ሐኪምም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙን ስለ ምን ብዙ ስለት አኖርህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ይህን የሥራ ክፍፍል እጅግ የገፉበት ጃፓኖች ናቸው። ዴባ የሚሉት ወፍራም ቢላዋ የዓሣውን ራስ ለመቍረጥና ሥጋውን ከአጥንቱ ለመለየት ነው። ያናጊባ የሚሉት እንደ አኻያ ቅጠል ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ ጥሬውን ዓሣ በአንድ ስበት ለመቍረጥ ነው፤ መመላለስ የዓሣውን ገጽ ያሻክረዋልና። ኡሱባ የሚሉት ለአትክልት ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሳሉት በአንድ ጎን ብቻ ነው። በ1876 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጃፓን መንግሥት ሳሙራይ የሚባሉት ጦረኞች ሰይፍ ታጥቀው በአደባባይ እንዳይሄዱ በአዋጅ በከለከለ ጊዜ፣ ሥራ ከፈቱት ሰይፍ ሠሪዎች ብዙዎቹ እጃቸውን ወደ ወጥ ቤት ቢላዋና ወደ ግብርና መሣሪያ መለሱ። ይህን ነገር አጎቴ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ይመስለኛል፤ ሰይፍ ሲቀር ማድቤት የተጠቀመበት አገር ነውና።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ፣ በሳቯ ተራራማ አውራጃ፣ ጆዜፍ ኦፒኔል የሚባል ባለ እጅ በ1890 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእንጨት እጀታ ያለው ታጣፊ ሰንጢ ሠርቶ ነበረ። በ1897 ይህንኑ አንድ ቅርጽ ከ1 እስከ 12 በቁጥር በተለዩ መጠኖች አወጣው፤ የገበሬ እጅና የልጅ እጅ፣ ዳቦ መቍረጥና የወይን ሐረግ መግረዝ አንድ መጠን አይበቃቸውም ብሎ ማለት ነው። በ1955 ስለቱ በሥራ ላይ ሳለ ታጥፎ ጣት እንዳይቈርጥ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረበት። እኔ ያለኝ 8ኛው ቁጥር ነው፤ ስለቱ 8 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ ብርቱካን የምልጥበት እርሱ ነው።

አይዝጌ ብረት ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ጭንቀት ቀርቷል የሚል ካለ፣ አልቀረም። በሼፊልድ ከተማ በ1913 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃሪ ብሪርሊ የሚባል የብረት ሊቅ ለጠመንጃ አፈ ሙዝ ቶሎ የማይበላ ብረት ሲፈልግ፣ ከመቶ 13 እጅ ያህል ክሮምየም የተቀላቀለበት ብረት እንደማይዝግ አስተዋለ። ለብዙ ሰው በረከት ሆኗል። ይሁን እንጂ ተራው አይዝጌ ቢላዋ ስለቱን ቶሎ ይለቃል፤ የቀድሞው ቢላዋ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቍራል፤ ካልታሸና ካልተቀባ ይዝጋል፤ ነገር ግን በመሳያ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢያመላልሱት ወዲያው ይነቃል። እኔ ሁለቱንም አኖራለሁ፤ ባለቤቴ አይዝጌውን ትመርጣለች፤ በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።

እስካሁን የተናገርሁት ለሥራ ስለሚያገለግሉት ነው። በቤቴ ካሉት አርባ ሦስቱ ለማድቤት የሚያገለግሉት ግን ዐሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ሰባቱ ከውጭ አገር የተሠሩ ናቸው። አምስቱን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በከንቱ ገዝቻቸዋለሁ፤ የሚያብረቀርቅ እጀታ አይቼ ተታለልሁ እንጂ ብረታቸው የማይረባ ነው፤ ስለ እነርሱ የምሰጠው ምክንያት የለኝም፤ አጎቴም ስለ አምስቱ ቢቈጡኝ እቀበላለሁ። የቀሩት ሃያዎቹ በአገራችን ባለ እጆች የተሠሩ ናቸው። ዋናው ነገሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድን ነገር ለብቻው ያየ ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ከመሰሎቹ ጋር አሰልፎ ያየ ግን ሳይጠይቅ ይማራል። ፒት ሪቨርስ የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል በ1884 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ከ20 ሺህ በላይ ዕቃ ያለበት ስብስብ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ነው። ሰውዬው የፈለገው ውድና ያጌጠ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ተራ ተራውን መሣሪያ እየሰበሰበ፣ አንዱ ቅርጽ ከሌላው በጥቂት በጥቂት እንዴት እንደ ተለወጠ ይታይ ዘንድ በየዐይነቱ አሰለፈው። ስለ ሰው ዘር ያሰባቸው አንዳንድ ነገሮች ዛሬ አይጸኑም፤ ያሰለፋቸው ዕቃዎች ግን አሁንም ያስተምራሉ።

የእኔም ሃያዎቹ በትንሹ እንዲሁ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋው ከትንንሽ የብረት ቁራጭ ተያይዘው የተቀጠቀጡ ስለሆኑ በጎናቸው ላይ የመጋጠሚያው መሥመር ይታያል፤ እጀታቸው ቀንድ ወይም ወይራ ነው። ከነዚያ በኋላ የመጡት ከመኪና ባሌስትራ የተሠሩ ናቸው። ባሌስትራ ተጣጥፎ የሚመለስ፣ ካርቦኑም ለቢላዋ የሚስማማ ብረት ስለ ሆነ፣ ባለ እጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ከቆሻሻ መካከል ለይተው መውሰዳቸው ትልቅ ዕውቀት ነው። በቅርብ ጊዜ የገዛኋቸው ሁለቱ ግን ከሕንፃ ፌሮ የተቀጠቀጡ ናቸው፤ ፌሮ ለስላሳ ነውና ስለት አይዝም። ይህን ሳይ ሰውዬው አላወቀም ብዬ አልፈርድም፤ ከውጭ የሚገባው ርካሽ ቢላዋ ዋጋውን ስለ ሰበረበት ጥሩውን ብረት መግዣ አጥቷል እላለሁ እንጂ። አንድ ሙያ ሲደክም እንዲህ ሆኖ በስለት ላይ ይነበባል።

ከዚህ ጋር ስለ ስለት ሲነሣ ሊዘለል የማይገባው፣ አገራችን በዚህ ሥራ ከዓለም ቀዳሚዎች መካከል መሆንዋ ነው። በአፋር ምድር ጎና በተባለው ስፍራ የተገኙት፣ ድንጋይን በድንጋይ መትቶ በማስፈንጠር የተሠሩት ስለታሞች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። በኬንያ ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ተገኝቷል፤ ሆኖም የጎናዎቹ እስካሁን ከታወቁት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው ባልጩት ሲፈነጠር የሚያወጣው ጠርዝ በሥሥነት ከብረት ምላጭ ይበልጣል፤ በደቡብ አገራችን ቆዳ ፋቂዎች፣ በኮንሶም በተለይ ሴቶቹ፣ የድንጋይ መፋቂያ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ይሠሩበት ነበረ። ከነዚህ አንድም በእኔ ዘንድ የለም፤ እንዲህ ያለው ቅርስ ስለ ሆነ ቦታው ሙዚየም ነው።

ይህን ያህል ረጅም ታሪክ ያለው ሙያ በአገራችን የተቀበለው ዋጋ ግን ስድብ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ የሠርጉን በሬ የሚያርደውን ካራ ሳይቀር የሚሠራልንን ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን አብረነው አንበላም፣ ልጃችንንም አንድርለትም ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ በአንዳንድ ገበያ ግን ብረት ሠሪው አሁንም ከዳር ለብቻው ተቀምጦ ይታያል። ወናፉን እየነፋ የሚረዳው ልጅ እንደ አባቱ መሆን አይፈልግም፤ ስለ ምን ይፈልጋል?

ከሃያዎቹ መካከል አያቴ ያወረሱኝ አንድ ካራ አለ። አያቴ ጎንደር ይመላለሱ በነበረ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብላ ከምትገኘው ከወለቃ ገዝተውት ነበረ። በጎንደርና በአካባቢው ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሙያ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሄደዋል። ያን ካራ የሠራው ሰው ሄዶ እንደ ሆነ፣ ወይም ከዚያ በፊት ዐርፎ እንደ ሆነ አላውቅም። ካራው ግን ወገቡ ላይ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሣሣ የሚሄድ፣ በጅ ሲይዙት ሚዛኑ ከጠቋሚ ጣት ላይ የሚያርፍ፣ ድንጋይ ጥቂት ሲያሳዩት ጠጕር የሚላጭ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ያለውን ከዚያ ወዲያ በገበያ አላገኘሁም። ካራውን ብጥለው ያ እጅ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ የሚናገር ሌላ ነገር በቤቴ የለም።

ስለ ልጆቹ ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ቀርቷል። በዚህ ነገር ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁልፍ የተረሳበት ሣጥን ሣጥን አይባልም። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን ከልጆች ቁመት በላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ቁልፉም ከእኔ ኪስ አይወጣም። ስለቶቹ በየአፎታቸው ሆነው፣ በዘይት በታሸ ጨርቅ እየተጠቀለሉ ይቀመጣሉ። የቆዳ አፎት ውስጥ ለብዙ ጊዜ መተው ግን አይገባም፤ ቆዳው እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝገዋል፤ ይህን የተማርሁት አንዱን ካበላሸሁ በኋላ ነው። ትልቁን ልጄን፣ ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ቢላዋ ሲያቀብሉ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ማዞር፣ ሲቈርጡ ጣትን ማጠፍ፣ የወደቀ ቢላዋ ለመያዝ እጅ አለመዘርጋት እያልሁ አስተምሬዋለሁ። ከስለት የተሸሸገ ልጅ አንድ ቀን በጎረቤት ቤት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስተምረው አይኖርም።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስንወርድ ሦስቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በሻንጣ ይዤ ሄድሁ። አጎቴ ሳወጣቸው አይተው ዝም አሉ። በጉን በራሳቸው ካራ ባረኩ። መግፈፍ በተጀመረ ጊዜ ግን ካራቸው ቆዳውን መብሳት ስላበዛባቸው፣ ያለ አንዳች ቃል ከጨርቁ ወደ ተጠቀለሉት መጡና አንዱን በአውራ ጣታቸው ሞክረው መለሱት፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ሦስተኛውን፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመውን፣ ይዘው ተመለሱ። ቆዳው ያለ አንድ ቀዳዳ ወጣ።

እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ቢላዋዋን አገላብጠው እያዩ፣ «ይህችን ማን ሠራት?» አሉኝ።

«ከደብረ ብርሃን ገበያ ከአንድ ባለ እጅ ነው የገዛኋት፣ ጋሼ።»

«ስሙን አልጠየቅኸውምን?»

አልጠየቅሁትም ነበረ። ከዚያ ወዲህ በሣጥኑ ውስጥ በያንዳንዱ ቢላዋ ላይ ትንሽ ወረቀት በክር አስሬ፣ የተገዛበትን ገበያና የሠራውን ሰው ስም መጻፍ ጀምሬአለሁ። ከሃያዎቹ እስካሁን ስማቸው የተገኘው የስድስቱ ብቻ ነው። ለደብረ ብርሃኑ ስም ባለፈው ቅዳሜ ወደ ገበያው ሄጄ ነበረ፤ ሰውዬው በተለመደ ቦታው አልነበረም፤ በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና እሄዳለሁ።